ያኛውስ ምን በላ?

እኔ ልሙት፣ አሁን የማጫውታችሁ ነገር ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው እውነት ነው። አንዲት ነገር ጨምሬ ከሆነ ይህችን የቀረችኝን ዕድሜ አልጨርሳት። «ጥቂት ስለቀረችህ በእሷ መማል ቀለለህ» የሚለኝ አይጠፋም። ጥቂት የቀረው ሰው የበለጠ እንደሚሳሳ እሱም ሲያረጅ ይደርስበታል።

አንድ ቦክሰኛ ነበረ። ስሙ ድልነሳሁ ይባላል። ከተማዋን ስሟን አልጠራትም፤ አንድ ወፍጮ ቤት፣ አንድ ፀጉር ቤትና አንድ ስታዲየም ያላት ከተማ ናት፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?

ስለ ግራ እጁ ስነግራችሁ እንዳትስቁ። ድልነሳሁ ግራ እጁን ሲሰነዝር ንፋሱ ብቻ ሦስት ሰፈር አልፎ የተሰጣ ልብስ ያደርቅ ነበር። ሴቶቹ ልብስ የሚያጥቡት የውድድሩን ቀን ጠብቀው ነው። አንድ ጊዜ ስቶ የሪንጉን ምሰሶ ቢመታው፣ ሪንጉ እስከ ዛሬ ወደ ምዕራብ እንዳዘነበለ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተጋጠመ ሁሉ ዳገት እየወጣ ነው የሚቧቀሰው። ሠላሳ ሰባት ሰው ገጠመ፤ ሠላሳ ሰባቱንም አሸነፈ። አብዛኞቹን በዝረራ፣ ጥቂቶቹን በነጥብ። ከሁሉም ረጅም ጊዜ የቆመለት አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ቁመናው የተመዘዘ፣ ጥርሱ የተደረደረ፣ በዚያች ከተማ እሱን የሚያህል መልከ መልካም ያልተወለደ ልብስ ሰፊ። እሱ ብቻ ዘጠኝ ዙር ቆሟል። ይቺን ልብ በሉልኝ።

ዕድሜ ደግሞ መጣ። እሱን በዝረራም በነጥብም የሚያሸንፈው የለም። የድልነሳሁ እጆች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነበር፣ ብርድ የመታው ሰው ያህል። እየቆየ ግን የጠቀለላት ጉርሻ ከትሪው ተነስታ አፉ እስክትደርስ ግማሿ ደረቱ ላይ፣ ግማሿ ጉልበቱ ላይ ትቀር ጀመር። ያን ሁሉ ሰው ሲመታ የኖረ እጅ የገዛ አፉን መምታት አቃተው።

ይህን የሚያውቅ በምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሚስቱ ስንዱ። ስንዱ ብልሃተኛ ናት። ሠርግም ይሁን ክርስትና ሲጠሩ ከጎኑ ትቀመጥና፣ ገና እጁን ሳይዘረጋ ታጎርሰዋለች። አንድ ብላ፣ ሁለት ብላ፣ እስኪጠግብ። በአገራችን የጎረሰ ሰው መልሶ ማጉረስ እንዳለበት ታውቃላችሁ፤ ስንዱ ግን መልሱን ሳትጠብቅ ቀጣዩን ትጠቀልላለች። ከተማው ምኑን አውቆ! «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ዛሬም ሙሽሮች ናችሁ እንዴ?» እያለ ይስቅባቸው ነበር።

«ቅናት ነው» ትላለች ስንዱ፣ ሌላ እየጠቀለለች።

ከዚያ ስንዱ ሞተች።

ለአርባዋ ድንኳን ተተከለ፤ ሰው ሁሉ በላ፣ ጠጣ። ድልነሳሁ ግን እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከቶ ተቀመጠ እንጂ አንዲት ነገር አልቀመሰም። «በሞቴ» አሉት። «ጠግቤአለሁ» አለ። ሊያጎርሱት እጃቸውን ቢዘረጉ ፊቱን አዞረ፤ ቢጎርስ ማጉረስ አለበታ! ያንን እጅ ከጋቢው ውስጥ አውጥቶ በሰው ፊት? ከዚያ በኋላ በተጠራበት ሁሉ እንደዚያው ሆነ። በመጨረሻም ጥሪውን ተወው። በሩን ዘግቶ፣ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አጎንብሶ በአፉ ይበላ ጀመር። ሲያፍር ደግሞ ያንንም ይተወዋል። ከማን ነው የሚያፍረው? ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። የስንዱ ፎቶግራፍ ግን ግድግዳው ላይ ነበር።

እናንተ እኔ ስለነገርኳችሁ አወቃችሁ። ከተማው ግን አላወቀም። አብሬ አልበላም ያለ ሰው በእኛ ዘንድ ምን እንደሚባል መቼም አይጠፋችሁም። ተጸየፈን ተባለ። ዝናው አናቱ ላይ ወጣ ተባለ። ሰውዬው በከተማው መሀል በረሃብ እየከሳ፣ ከተማው ኩራት ነው ያከሳው ይል ነበር።

በዚሁ ሰሞን የስታዲየሙ በር ታደሰ። አንድ ትልቅ ድንጋይ ቆመ፤ ጠራቢው «ድልነሳሁ» ብሎ ቀረጸበትና መዶሻውን አስቀምጦ ጠየቀ።

«ከሥሩ ምን ልበል?»

«የዘመናት ሁሉ ታላቅ ቦክሰኛ በል!» አለ ፀጉር አስተካካዩ አበጋዝ።

«ማን ነው ያለው?» አለ ባለ ወፍጮው ወልደየስ።

በዚህች በሦስት ቃል ጥያቄ ከተማው ለሁለት ተሰነጠቀ። የአበጋዝ ወገን ታላቅ ነው አለ፤ የወልደየስ ወገን አይደለም አለ። ወልደየስ ታላቅ ነው ለሚሉት እህል አልፈጭም አለ፤ አበጋዝ ታላቅ አይደለም ለሚሉት ፀጉር አልቆርጥም አለ። ሦስት ወር ሙሉ ግማሹ ከተማ ንፍሮ ብቻ እየበላ ሆዱ ከበሮ አከለ፤ ግማሹ ደግሞ ፀጉሩ ትከሻው ላይ ወርዶ ከሚስቱ ጋር በአንድ ማበጠሪያ ተጣላ። እኔ ልሙት! አንድ የወልደየስ ወገን በገበያ መሀል ሲሄድ ወፍ ጎጆ ሠርታበት ታይታለች።

ነገሩ ከዚህ በላይ እንዳይሄድ፣ ጡረታ የወጡት ዳኛ አቶ በሪሁን ሁለቱን ወገኖች ጠሩ።

«በድሮው ሥርዓት ትሟገታላችሁ» አሏቸው። «በላ ልበልሃ! ጋቢ አጣፍታችሁ፣ ዘንግ ይዛችሁ፣ በሕዝብ ፊት። የተረታው ከተማውን ሙሉ ደግሶ ያበላል።»

እሁድ ጠዋት ስታዲየሙ ፊት ካለው ዋርካ ሥር ሕዝቡ ተሰበሰበ። ድልነሳሁንም ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጡት። ጋቢው ውስጥ እጆቹን ከቶ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጋቢው ሰፍቶት ነበር፤ እንዲያውም ውስጡ ሰው መኖሩን ያስታወቀው ጢሙ ነው።

«ተጠየቅ!» አለ አበጋዝ፣ ዘንጉን መሬት ላይ እየሰነቀረ።

«ልጠየቅ!» አለ ወልደየስ፤ ዱቄት ከቅንድቡ ረገፈ።

«ሠላሳ ሰባት ገጥሞ ሠላሳ ሰባት የረታ በየት አገር አለ? እስኪ ጥራ! አንድ ጥራ!»

«ማንን ነው የረታው? ጋሪ ነጂ! ዳቦ ጋጋሪ! ልብስ ሰፊ! ዳቦ ጋጋሪ ብቻ እየመረጡ ቢያመጡልኝ እኔስ መች አነስኩ?»

«አንተማ የዱቄት ብናኝ የሚጥልህ ሰውዬ!»

ሕዝቡ አውካካ። ወልደየስ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ ዘንጉን አነሳ።

«ዘመኑስ? ያኔ ቦክስ የሚያውቅ ስንት ሰው ነበር? የዛሬዎቹን ቢገጥም ኖሮ?»

«የዛሬዎቹን? እሱን ቢያዩ ወደ እናታቸው ሆድ ተመልሰው ይደበቁ ነበር!»

«ፍሬ ነገር! ፍሬ ነገር!» አሉ ዳኛው።

ወልደየስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጎበዝ ተሟጋች ነው፤ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ሰው ሁሉ ወደ ፊት ዘንበል አለ።

«እሺ። ቡጢውን ልቀበል። ሠላሳ ሰባቱንም ልቀበል። ግን ጌቶቼ፣ ታላቅ የሚባለው ማን ነው? ከሰው ጋር ቆርሶ የማይበላ? ልጄን ስድር ጠራሁት፣ መጣ፣ እንደ እንግዳ ቁጭ አለ። በእነዚህ እጆቼ ላጎርሰው ብሄድ ፊቱን አዞረብኝ! በሙሽራዋ ፊት! የእኔስ ይቅር፤ የገዛ ሚስቱን፣ የእትዬ ስንዱን ተዝካር እንኳ አልቀመሰም። እኛን ንቆ ነው እንበል። እሷንም ንቆ ነው?»

ማንም አልሳቀም። የአበጋዝ ወገኖች እንኳ አንገታቸውን ደፉ።

«አሁንም እዩት!» አለ ወልደየስ። «እጁን እንኳ ለእኛ ማሳየት ተጸይፎ ነው የተቀመጠው።»

ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ ጋቢውን ተመለከተ።

«ጋሽ ድልነሳሁ» አሉ ዳኛው፣ «ለዚህ ነገር መልስ አለህ?»

ድልነሳሁ ቀና አለ። «ድንጋዩን ባዶውን ተዉት» አለ ቀስ ብሎ። «ስንዱም የለች፤ ማን ያነብልኛል?»

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ሰውዬው ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ በሩን ይዘጋል፣ ያ በር ዳግመኛ የሚከፈተው ለቀባሪ ይሆን ነበር። ግን ወልደየስ ማሸነፍ ብቻ አልበቃውም። ማሸነፉ ሳያንሰው ሁለተኛ ጊዜ ለማሸነፍ የሚፈልግ ሰው አይታችሁ የለም? እሱ ነው።

«ምስክሮች አሉኝ!» አለ። «የመታቸውን ራሳቸውን አምጥቻለሁ! ደካሞች እንደነበሩ በአፋቸው ይናገሩ።»

እውነትም ሰባት ወረዳ አካሎ አሰባስቧቸዋል። ከሠላሳ ሰባቱ ዐሥራ አንዱ ሞተዋል፤ ሃያ ስድስቱ መጥተው በአንድ በኩል ተደርድረው ነበር። አፍንጫቸው ወደ ግራ የሄደ፣ ወደ ቀኝ የሄደ፣ ሁሉም ሽበት ያወጣ። በመጀመሪያ ጋሪ ነጂው ቱሉ ቀርቦ ማለ።

«ስምህን፣ ሥራህንና የተመታህበትን ተናገር» አሉ ዳኛው።

«ቱሉ እባላለሁ። ጋሪ ነጂ ነበርኩ። መንጋጋዬን።»

«ያኔ ታመህ ነበር አይደለም?» አለ ወልደየስ። «ደካማ ነበርክ በል።»

«ደካማ? እኔ?» ቱሉ ደረቱን ነፋ። «ፈረሴ ሲደክመው ጋሪው ላይ ጭኜው እኔ እጎትት ነበር!»

ሰው ሳቀ። ወልደየስ ተበሳጨ።

«እሺ፣ ከጣለህ በኋላስ? ንቆህ ጥሎህ አልሄደም? ዞር ብሎ አይቶህ ያውቃል?»

ቱሉ ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ።

«እሱን ተወኝ» አለ።

«ምለሃል፤ ተናገር» አሉ ዳኛው።

ቱሉ ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ጨመቀው።

«በሦስተኛው ቀን ቤቴ መጣ። መንጋጋዬ በጨርቅ ታስሯል፤ ውሃ እንኳ በጭንቅ ነው የምውጠው። ሊሳለቅብኝ የመጣ መስሎኝ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። አጠገቤ ቁጭ አለ። ፔርሙዝ ይዟል። ከፈተው። አጥሚት ነው። አጥሚት፣ ጌቶቼ! የአራስ ምግብ! ከዚያ እንደዚህ ራሴን ደገፈና በማንኪያ አጎረሰኝ። በማግስቱም መጣ። ዐሥራ ሁለት ቀን ተመላለሰ። አንድ ቀን ለምን እንደሚደክም ጠየቅሁት። ‹ማኘክ የከለከልኩህ እኔ ነኝ፤ እስክታኝክ የማበላህም እኔ ነኝ› አለኝ። ይኸው ነው። ለሰው አልተናገርኩም። የጣለኝ ሰው እንደ አራስ አጥሚት አጠጣኝ ብዬ ለማን ልንገር?»

ከምስክሮቹ ረድፍ ዳቦ ጋጋሪው በዝግታ ተነሳ።

«የአጃ ነው?» አለ።

«ምኑ?»

«አጥሚቱ። የአጃ ነው?»

«የአጃ ነው» አለ ቱሉ።

«በቅቤ?»

«በቅቤ።»

«መጨረሻው ላይ ዝንጅብል የሚል?»

«አንተ በምን አወቅህ?»

ዳቦ ጋጋሪው በክንዱ ዓይኑን ጠረገ። ከጎኑ የነበረው ተነሳ። ከዚያኛው ጎን ያለውም ተነሳ። «የእኔን ማር አድርጎበት ነበር» አለ አንዱ። «እኔን ስምንት ቀን» አለ ሌላው። «ለእኔ ገጠር ድረስ በእግሩ!» አለ ሦስተኛው። ያ መልከ መልካም ልብስ ሰፊ እንኳ ተነሳ። ሃያ ስድስቱም ቆሙ። እያንዳንዱ ይህ ጉድ የደረሰበት እሱ ብቻ መስሎት ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሆዱ ይዞ ኖሯል። አሁን እርስ በርስ እየተያዩ፣ እነዚያ ጠማማ አፍንጫዎች ሁሉ እንደ ሕፃን ይነፈርቁ ጀመር። ለቅሶው ከመብዛቱ የተነሳ የዋርካው ሥር ረጥቦ፣ በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ አፈራ።

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መልሰው ካደረጉት በኋላ ወደ ድልነሳሁ ዞሩ።

«ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነህ። ታዲያ ዛሬ ከእኛ ጋር ምነው አትበላም?»

ድልነሳሁ ጋቢውን ገለጠ። እጆቹን አውጥቶ በጉልበቱ ላይ አስቀመጣቸው። አልተቀመጡለትም። በሕይወት ያሉ ሁለት ወፎች በክር የታሰሩ ይመስል ይዘሉ ነበር።

«መንገዱን ረሱት» አለ። «ከትሪው ይነሳሉ፣ አፌ ጋ አይደርሱም። ስንዱ እያለች እሷ ነበረች የምታደርስልኝ። እናንተ ሙሽሮች ትሉን የለ? በተዝካሯ ቀን... በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የእሷን እህል ላፈስስ?»

ያ ሁሉ ሕዝብ ሲስቅባቸው የኖረውን ጉርሻ አስታወሰ። ስንዱ «ቅናት ነው» ስትል ታያቸው። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የወልደየስ ዘንግ ከእጁ ወደቀ።

«ስለ አጥሚቱ ደግሞ እኔን አታመስግኑኝ» አለ ድልነሳሁ። «የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፍኩ ለት በሰው ትከሻ ተሸክመውኝ ነው ቤት ያደረሱኝ። ስንዱ እግሬን አጥባ፣ ዶሮ ሠርታ ጠብቃኛለች። ገና የመጀመሪያውን ስጎርስ፣ ‹ያኛውስ ምን በላ?› አለችኝ። ‹የትኛው?› አልኳት። ‹የመታኸው ሰውዬ› አለች። የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት። በጠቅላላው ሠላሳ ሰባት ጊዜ አሸነፍኩ፤ ሠላሳ ሰባት ጊዜም ያንኑ ጠየቀችኝ። አጥሚቱን ያፈላችው እሷ ናት። እኔ ተሸክሜ መሄድ ብቻ ነው።»

አቶ በሪሁን ለፍርድ ተነሱ።

«የዘመናት ሁሉ ታላቅ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ይህ ችሎት መወሰን አይችልም» አሉ። «ዘመናት ሁሉ ቀርበው አልመሰከሩም። ገና ያልመጡም አሉ። ሃያ ስድስት ሰዎች ግን ቀርበው መስክረዋል። የተመታ ሰው ለመታው ሲመሰክር እኔ በአርባ ዓመት የዳኝነት ሥራዬ አልሰማሁም። ከዚህ በላይ ምን እንደሚባል አላውቅም። ድግሱን ማን ያቅርብ?»

«እኔ ነኝ የተረታሁት» አለ ወልደየስ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር። «ለከተማው ሁሉ እፈጫለሁ።»

በሳምንቱ ድግሱ ሆነ። ንፍሮ የጠገቡትም ፀጉራቸው የወረደውም አንድ ድንኳን ውስጥ ገቡ። ድልነሳሁን መሀል ላይ አስቀመጡት። ትሪው ቀረበ። እሱ ግን እጆቹን መልሶ ጋቢው ውስጥ ከቷቸዋል።

ቱሉ ጠጋ አለና ጠቅልሎ ዘረጋለት።

«በሞቴ።»

«ተው ቱሉ» አለ ድልነሳሁ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከጎረስኩ ማጉረስ አለብኝ። አልችልም። አፍራለሁ።»

«እኔስ ያኔ አላፈርኩም?» አለ ቱሉ። «የጣለኝ ሰው በማንኪያ ሲያበላኝ? ደግሞ ምን መልስ አለብህ? አንተ መልሱን ሠላሳ ዓመት አስቀድመህ ከፍለሃል። አሁን የእኛ ተራ ነው። አፍህን ክፈት፣ አንተ ግትር!»

ድልነሳሁ አፉን ከፈተ።

ቀጥሎ ዳቦ ጋጋሪው መጣ። ቀጥሎ ሌላው። ሃያ ስድስቱም ተሰልፈው አጎረሱት፤ የሞቱት የዐሥራ አንዱም ልጆች በአባቶቻቸው ስም አጎረሱት። «ጠገብኩ» ቢል ማን ሰምቶት! በመጨረሻ ወልደየስ መጣ። ፊቱ ላይ ያለው ዱቄት በዕንባ ሊጥ ሆኗል። ጉርሻውን ይዞ ቆመ፤ ለመዘርጋት ፈራ።

ድልነሳሁ አየውና ፈገግ አለ። «አሁንስ ፊቴን አላዞርም» አለው። «ግን አሳንሳት እንጂ፤ የልጅህ ሠርግ ላይ ያመጣሃት ጉርሻ የበግ ጭንቅላት ታክል ነበር። ስለዚህም ጭምር ነው የሸሸሁህ።»

ድንኳኑ በሳቅ ሊነቀል ደረሰ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ድልነሳሁ አንድም ቀን ብቻውን አልበላም። ሃያ ስድስቱ ቀን ተከፋፈሉት። ቀኑን የሳተ ካለ ወልደየስ ይተካል፤ እንዲያውም ሌሎቹ ቀናቸውን እንዲስቱ ይመኝ ነበር። ሰውዬው እንደገና ሰባ፤ ጋቢው ጠበበው።

ጠራቢው ግን አሁንም መዶሻውን ይዞ እየጠበቀ ነበር። «ከሥሩ ምን ልበል?» ብሎ ቢጠይቅ ወደ ድልነሳሁ ላኩት።

«ስንዱ የጠየቀችኝን ጻፍበት» አለ።

ስለዚህ በዚያች ከተማ ስታዲየም በር ላይ፣ «ድልነሳሁ» ከሚለው ስም ሥር፣ «ያኛውስ ምን በላ?» ተብሎ ተጽፏል። አሸንፎ በትከሻ ተይዞ የሚወጣ ሁሉ በዚያ በኩል ያልፋል፤ እያነበበም ያልፋል። እንግዳ ሰው ደግሞ ቆሞ ግራ ይገባውና ወደ ፀጉር ቤት ይላካል። አበጋዝ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ስለሚተርክ፣ በዚያች ከተማ ፀጉር መቆረጥ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ትርክቱ ሲያልቅ መጀመሪያ የተቆረጠው በኩል እንደገና አድጎ ይገኛል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ እኛ ታላቅ ሰው ስንፈልግ የጣላቸውን እንቆጥራለን። የዚህ ዘመን ይበልጣል የዚያ ዘመን ይበልጣል እያልን እህልና ፀጉር እስክንከለካከል እንሟገታለን። ታላቅነት ግን ደወሉ ተደውሎ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ፣ በሦስተኛው ቀን በተሸነፈው ሰው በር ላይ ነው የሚታየው። ሌላም አለ። ከእኛ ጋር አልበላም ያለውን ሰው ኩሩ ነው ብለን ከመፍረዳችን በፊት፣ ጋቢው ውስጥ ምን እንደደበቀ መጠየቅ አለብን። ምናልባት እጁ መንገዱን ረስቶት ይሆናል፤ ምናልባትም የሚያደርስለት ሰው ሞቶበት ይሆናል።

እስኪ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ። ባለፈው ጊዜ በሥራም በክርክርም በፍርድ ቤትም ይሁን በኑሮ ያሸነፋችሁት ሰው አለ አይደል? ያኛውስ ምን በላ?

ምያለሁና ሕሊናዬን ላቅልል። ሁሉም ነገር እውነት ነው፤ ወፏም፣ ዋርካውም፣ ያዘነበለው ሪንግም። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬአለሁ። ያ መልከ መልካም ልብስ ሰፊ ዘጠኝ ዙር አልቆመም። በመጀመሪያው ዙር፣ የደወሉ ድምፅ እንኳ በቅጡ ሳያልቅ ነው የተዘረረው። በምን አወቅህ አትበሉኝ። የዚያ አጥሚት ዝንጅብል እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ።